«ሐራም ነው» ካልን በኋላ ድመቱን ማን ያሳክመው?



ውድ እህትና ወንድሞቼ፣ የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻ ርዕስ ፈገግ ያሰኛችሁ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ፈገግ ብዬ ነበር። ኋላ ግን እንቅልፍ የነሳኝ ጉዳይ ሆነ።

ለንደን የምትኖር አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ኡስታዝ፣ ድመት አለኝ። እዚህ አገር ለድመት የጤና ኢንሹራንስ ይገባል፤ በየወሩ 15 ፓውንድ ነው። ልግባ ወይስ ሐራም ነው?»

በመግሪብና በዒሻ መካከል ደርስ ላይ ነበርኩ። ሁለት መስመር መለስኩላት፦ «እህቴ፣ የንግድ ኢንሹራንስ ገረርና ሪባ ያለበት ውል ነው፤ ራቂው። አላህ የተሻለውን ይተካልሽ።» ስልኩን አስቀምጬ ወደ ደርሴ ተመለስኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ጻፈች፦ «ኡስታዝ፣ ያሉኝን ሰምቼ ኢንሹራንሱን ተውኩት። ባለፈው ሳምንት ድመቱ ሽንቱ ተዘጋበት። ሐኪሟ ‹ዛሬውኑ ካልተከፈተ በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል፤ ወይ ይታከም ወይ መርፌ ወግተን እናሳርፈው› አለችኝ። የወሩን ብር ደሴ ላለችው እናቴ ልኬ ስለነበር በእጄ ምንም የለም። በክሬዲት ካርድ ከፈልኩ። ድመቱ አልሐምዱሊላህ ድኗል፤ እኔ ግን አሁን ወለድ እየከፈልኩ ነው። ከሐራም ሸሽቼ ሐራም ውስጥ ገባሁ ማለት ነው?»

ሱብሐነላህ! ከገረር አስወጥቼ ሪባ ደጃፍ ላይ የተውኳት እኔ ነበርኩ።

የነገርኳት ሑክም ከኪሴ ያወጣሁት አልነበረም። ጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1985 (እ.ኤ.አ) ጉዳዩን መርምሮ፣ ቋሚ ክፍያ ያለው የንግድ ኢንሹራንስ ውሉን የሚያበላሽ ከባድ ገረር እንዳለበት ወስኗል። ከፋዩ ዓመት ሙሉ ከፍሎ ምንም ላያገኝ ይችላል፤ ወይም አንድ ወር ከፍሎ ብዙ ሊያገኝ ይችላል። ማን ምን እንደሚወስድ ሲዋዋሉ አይታወቅም። እንደ ሶሪያዊው ሸይኽ ሙስጠፋ አዝ-ዘርቃ ያሉ ትልቅ ዓሊም ግን ይፈቀዳል ብለዋል። እኔ ያዘነበልኩት ወደ አካዳሚው ውሳኔ ነው፤ ዛሬም እዚያው ነኝ።

ታዲያ ጥፋቴ ምን ላይ ነበር? ያ ውሳኔ ሁለት ክፍል አለው። በአንድ በኩል የንግዱን ኢንሹራንስ ይከለክላል፤ በሌላ በኩል በመረዳዳትና በልገሳ ላይ የቆመውን የትብብር መድን ምትክ አድርጎ ያቀርባል። እኔ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነገርኳት። በሩን ዘግቼ መስኮቱን ሳላሳያት ሄድኩ።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ሳልጠይቃት ቀረሁ፦ «ኢንሹራንሱን ስትተዪው ያ 15 ፓውንድ የት ይገባል?»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ሐራም ነው» የሚለው ቃል አንዳንዴ ተቅዋ ይሆናል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሳናውቀው የቁጠባ ሰበብ ይሆናል። ውሉ ሐራም በመሆኑ ኃላፊነቱ አይሰረዝም። ኢንሹራንስ አንድ መንገድ ብቻ ነው። መንገዱ ሲዘጋ መድረሻው ባለበት ይቆያል፤ መድረሻው በእጃችን ያለን ነፍስ መንከባከብ ነው።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የዚያችን ሴት ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ድመት አስራ አላበላቻትም፤ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም፤ በዚህ ምክንያት እሳት ገባች። አስተውሉ፣ ጥፋቷ ድመት ማሰሯ ብቻ አልነበረም። አንድን ነፍስ በእጇ ሥር አድርጋ፣ ሌላ አማራጭ አሳጥታ፣ ከዚያ የሚያስፈልጋትን አለመስጠቷ ነው። ለንደን አፓርታማ ውስጥ ያለ ድመትም ሌላ በር የለውም። ምግቡም፣ ውሃውም፣ ሕመሙም የሚያልፈው በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው። አገሩም ይህን በሕግ አስቀምጦታል፤ በ2006 (እ.ኤ.አ) የወጣው የእንግሊዝ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ባለቤቱ እንስሳውን ከሥቃይና ከበሽታ እንዲጠብቅ ያስገድደዋል።

የእኛ ዑለሞች ግን ቀድመው ነበር። በ660 ሂጅሪ የሞቱት ኢማም ዒዝ ኢብኑ ዐብዲስ-ሰላም የእንስሳትን ሐቅ ሲዘረዝሩ፣ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ጥቅም የማይሰጥ ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ወጪውን መሸፈን አለበት ብለዋል። ይህ ከባድ ቃል ነው። ነፈቃ የሚለካው እንስሳው በሚያስገኝልን ጥቅም ቢሆን ኖሮ የታመመ ድመት ምንም ሐቅ ባልነበረው።

አንዳንዱ «ድመት ራሱ ስንት ያወጣና ነው ይህ ሁሉ ወጪ?» ይላል። ሙስሊም በዘገቡት የጃቢር ሐዲስ ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) የድመትን ዋጋ ከመብላት ከልክለዋል። አብዛኞቹ ዑለሞች ይህን የተረዱት እንደ ጥብቅ ክልከላ ሳይሆን እንደ መጥላት ነው። እኔ ለራሴ የወሰድኩት ትምህርት ግን አለ፦ የድመትን ነፍስ በገበያ ዋጋው አልመዝነውም።

ሌላው ጥያቄ ደግሞ ይህች እህታችንም ያነሳችው ነው፦ «አገሬ ሰው በሕክምና እጦት እየተቸገረ ለድመት ማውጣት አይከብድም?» ይከብዳል። ልቧ መጠየቁ ኢማን ነው። የወላጅ ነፈቃ ይቀድማል፤ እናት ከድመት ጋር አትወዳደርም። ግን ራሳችንን አንሸውድ። ብዙ ጊዜ የድመቱ ብር የሚፎካከረው ከእናታችን ብር ጋር አይደለም፤ ከትርፋችን ጋር ነው። ከቤት ውጭ ከበላነው፣ ሳያስፈልገን ከቀየርነው ስልክ ጋር ነው። የእናቷን ካወጣች በኋላ ለድመቱ በእውነት የማይተርፋት ሰው ካለች፣ ፊቅሁ መፍትሔ አለው፦ ለሚችል ሰው ትስጠው። ማቀፍ ወደን የምንገባበት ነው፤ ካቀፍን በኋላ ግን አማና ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ለእህታችን ዘግይቼ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ ያ 15 ፓውንድ ከወሩ መጀመሪያ ተነስቶ ለብቻው ይቀመጥ። በዓመት 180 ፓውንድ ይሆናል። እውነቱን እንነጋገር፣ አንድ ከባድ ሕመም ይህን በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ ብቻችሁን አትቁሙ።

ሁለተኛ፣ እድርን አስታውሱ። አባቶቻችን ለቀብርና ለሐዘን የተሰበሰቡት ማን ቀድሞ እንደሚሞት አውቀው አይደለም፤ ብሩን የሰጡትም ትርፍ ሊሸጡ አይደለም፤ የተቸገረውን ሊያቆሙ ነው። ድመት ያላቸው አሥር እህቶች በየወሩ 15 ፓውንድ በልገሳ ኒያ ቢያስቀምጡ በዓመት 1,800 ፓውንድ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ የማንም ድመት ካልታመመ፣ ብሩ የእነርሱው ሆኖ ለሚቀጥለው ይቆያል። አካዳሚው ምትክ ያለው የዚህ ዓይነቱን መረዳዳት ነው።

ሦስተኛ፣ ያለውን እርዳታ ከሕመም በፊት ጠይቁ። እንግሊዝ አገር በ1917 (እ.ኤ.አ) የተመሠረተው ፒዲኤስኤ የሚባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነና መስፈርቱን ለሚያሟሉ ሰዎች እንስሳት በነጻ ወይም በቅናሽ ያክማል። እህታችን ይህን አታውቅም ነበር፤ እኔም አልጠየቅኩላትም።

ኢንሹራንሱስ? የሚፈቅዱትን ዑለሞች ተከትላ የገባች እህት ካለች አልወቅሳትም፤ ያለችበትን አገርና ሁኔታዋን የሚያውቅ ዓሊም ትጠይቅ። ግን እርሱም ቢሆን ሁሉን ነገር ይሸፍናል ብላ አትተኛ። ከውሉ በፊት የነበረን ሕመም ብዙውን ጊዜ አይከፍሉም፤ ከወጪው ከፊሉ ከኪስ ይወጣል፤ ድመቱ ሲያረጅ ክፍያው ይጨምራል። ግመልህን እሰርና በአላህ ተመካ የሚለውን ትርጉም ያለው ሐዲስ አስታውሱ። አንዱ ገመድ አልሆነም ብሎ የጣለ ሰው ሌላ ገመድ ይፈልጋል እንጂ ግመሉን ፈቶ አይለቅም።

የእህታችን ጉዳይ እንዴት ሆነ? ይቅርታ ጠየቅኳት። ጥቂት ሰዎች ሆነን ቀርድ ሐሰን ሰጠናት፤ የክሬዲት ካርዱን ዕዳ ዘጋች፤ አሁን ያለ ወለድ በምትችለው ልክ ትመልሳለች። ከዚያ ወዲህ ማንም «ይህ ይፈቀዳል ወይ?» ሲለኝ፣ አይፈቀድም ከማለቴ በፊት «ብትተወው ምን ይገጥምሃል?» ብዬ እጠይቃለሁ።

እናንተም ዛሬ ከሰላት ስትመለሱ በእጃችሁ ሥር ያለውን ነፍስ ቁጠሩ። የሱቁ ድመት፣ ግቢ የሚጠብቀው ውሻ፣ ጋሪ የሚጎትተው አህያ ሊሆን ይችላል። ነገ ቢታመም ምን አዘጋጅታችሁለታል? ለአላህ ብላችሁ የተዋችሁት ሐራም ካለስ፣ የእርሱን ቦታ በምን ሞላችሁት?

አላህ በእጃችን ላስቀመጠው አማና ሁሉ ታማኞች ያድርገን። ሰለዋት ማብዛትና ሱረቱል ከህፍ መቅራት አትርሱ።

ወላሁ አዕለም።