አሳቹ ማን ነው?

ሰውን የሚያስተው ባልንጀራው ነው ወይስ የገዛ ፈቃዱ? ይህ ጥያቄ በሊቃውንት ጉባኤ ሲነሣ የኖረ ነው፤ ዛሬ ግን ምሳሌውን ከሰንጠረዥ ጨዋታ እናመጣለን።

በ1964 ዓ.ም. በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይኪያቪክ፥ የሶቪየቱ ቦሪስ ስፓስኪና የአሜሪካው ቦቢ ፊሸር ስለ ዓለም ሻምፒዮንነት ሲጋጠሙ፥ በ11ኛው ጨዋታ ጥቁሩን የያዘው ፊሸር በሲሲሊያ መከላከያ፥ ይኸውም ናይዶርፍ በሚባለው ስልት ተሰለፈ። ይህ ስልት ጥቁሩ በእኩልነት መውጣትን ሳይሆን ድልን የሚሻበት ስለ ሆነ ደፋሮች ይወዱታል። በ8ኛው እርምጃ የጥቁሩ ንግሥት ብቻዋን ወደ ጠላት ሰፈር ገብታ ጠባቂ የሌለውን አንድ ወታደር በላች። ይህንንም ወታደር ተጫዋቾች መርዘኛው ይሉታል።

እንግዲህ ስፓስኪ አታለለ እንላለንን? እኔስ አልልም። በሰንጠረዥ ገበታ ላይ የተሸሸገ ነገር የለም፤ የሁለቱም ሠራዊት በሁለቱም ፊት ተዘርግቶ ይታያል። ለሔዋን እንኳ እባብ ተናግሯታል፤ በዚህ ግን ተናጋሪ አልነበረም፤ መርዝ መባሉም አስቀድሞ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ፊሸርን በስስት መክሰስ ፍርድ ማጓደል ይሆናል፤ በ7ኛው ጨዋታ ይህንኑ ወታደር በልቶ ሳይሸነፍ በእኩልነት ወጥቷልና።

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ የስፓስኪ 14ኛ እርምጃ ነው። ወደ ፊት ወጥቶ የነበረውን ፈረስ መልሶ በመጀመሪያ በተነሣበት ቤት አቆመው። ነገሩ ሽሽት ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የንግሥቲቱ መመለሻ እየጠበበ ሄደ፥ በኋላም ተያዘች፤ ፊሸርም ነጩ 31ኛውን እርምጃ በተራመደ ጊዜ እጁን ሰጠ። (በአገራችን በጥንቱ ሰንጠረዥ የንግሥትን ስፍራ የያዘው ፈርዝ አንዲት ቤት ብቻ በሰያፍ የሚራመድ ነውና፥ እንዲህ ርቆ ሄዶ መታሰር አያገኘውም።)

ታዲያ ጥፋቱ በመብላቱ ነውን? አይደለም፤ ያን ወታደር ታላላቅ ተጫዋቾች ዛሬም ይበሉታልና። መርዙ በወታደሩ ውስጥ ቢኖር ኖሮ የበላው ሁሉ በሞተ ነበር። ጥፋቱ ከበሉ በኋላ ነው፤ መመለሻው መንገድ ገና ክፍት ሳለ ዓይንን ከእርሱ ማንሣት ነው እላለሁ። ስፓስኪ ያየው የገዛ ፈረሱን መመለሻ ነበር፤ ፊሸር ግን የንግሥቱን አላየም።

ፊሸር ግጥሚያውን በ12½ ለ8½ አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ15ኛው ጨዋታ በዚያው በናይዶርፍ ስልት ዳግመኛ ተሰልፎ ነበር፤ ንግሥቲቱን ግን ወደዚያ ወታደር አልላካትም።