ቅሬታ ከምን ይወለዳል?

ችግር ሁሉ ቅሬታ አይወልድም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የፎገራን ሜዳ ባጥለቀለቁ ጊዜ ማሳ በውኃ ተዋጠ፣ ከብት አለቀ፣ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቀለ። ሐዘኑ ከባድ ነበር፤ ሰማይ ግን አቤት የሚባልበት ደጅ የለውም። በ2015 ዓ.ም. የመኸር እርሻ መግቢያ ላይ የሆነው ሌላ ነው። ዝናቡ ሲጀምር ማዳበሪያው አልደረሰም፤ የአማራ ክልል ገበሬዎችም እስከ ባሕር ዳር ሄደው አቤት አሉ። ጉዳቱ ከጎርፉ ሊያንስ ይችላል፤ ነገር ግን በዚህኛው «አቀርባለሁ» ብሎ ኃላፊነቱን የወሰደ አካል ነበረ። ቅሬታ ከጉዳቱ ጋር የተሰጠውንም ቃል የሚመዝን ፍርድ ነው።

ቃሉ ምን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት የማዳበሪያውን መንገድ መከተል ይጠቅማል። ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ ይገባል፤ በዩኒየኖች በኩል አልፎ በየቀበሌው የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ይራገፋል። በፎገራ፣ ወረታ ዙሪያ ያለ ሩዝ አምራች ገበሬ በዚህ ሁሉ መጨረሻ ላይ አህያውን ይዞ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል። ሩዙ ግን አይጠብቅም። በሰኔ የተዘራው ማሳ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውኃ ይተኛበታል። ዩሪያው ቡቃያው በሚያቆጠቁጥበት ሰሞን ካልገባና ዘግይቶ ከተበተነ ከጎርፉ ጋር ይሄዳል። በመዝገብ ላይ ሁለት ሳምንት የሆነ መዘግየት ለገበሬው የዓመት እንጀራ ነው።

ሩዝ ራሱ ወደ ፎገራ ሜዳ የገባው በመንግሥት እጅ ነው። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞከረ፤ ቆይቶም ውኃ የሚተኛበትን መሬት ሁሉ ያዘ። በኋላ መንግሥት «የሚሊኒየም ሰብል» አለው። በርብ ወንዝ ላይም ጎርፉን እንዲገታና ወደ 20 ሺህ ሄክታር እንዲያጠጣ የታሰበ ግድብ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ጎርፉም ድርቁም ከሰማይ ወደ ጽሕፈት ቤት ወርደዋል፤ የግድቡ ቦይ ለምን አልደረሰም ተብሎ ሊጠየቅ ይችላልና። መንግሥት የሚነካው የኑሮ ክፍል በሰፋ ቁጥር ቅሬታ የሚነሣበትም ቦታ ይሰፋል። ይህን አይቶ «ብዙ በተሠራላቸው ቁጥር ብዙ ያማርራሉ» የሚል ባለሥልጣን አይጠፋም። አባባሉ የገበሬውን ድርሻ ከስጦታ ይቆጥረዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 41 ለማኅበራዊ አገልግሎት እየጨመረ የሚሄድ ሀብት መመደብን የመንግሥት ግዴታ ያደርጋል፤ ገበሬው ለምርቱ ተመጣጣኝ ዋጋ የማግኘት መብት እንዳለውም ይናገራል። በሕግ የተጻፈን ነገር መጠየቅ ውለታ ቢስነት ሊባል አይገባም።

አልበርት ሂርሽማን የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያልተደሰተ ሰው ሁለት መንገድ እንዳለው አሳይቷል፤ ትቶ መሄድ ወይም ድምፁን ማሰማት። በፎገራ የመጀመሪያው መንገድ ጠባብ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ገበሬው ሸጦ ሌላ ቦታ ኑሮ ሊመሠርትበት አይችልም። ወጣቱ ወደ መተማና ሁመራ ለቀን ሥራ ይወርዳል፤ አባወራው ግን ከማሳው ጋር ይቀራል። የቀረለት አቤቱታ ብቻ ነው፤ ስለዚህም አቤቱታውን ችላ ማለት ከሌላው ይልቅ እሱን ይጎዳል።

ድምፅ ሲናቅ የሚሆነውን ከዓባይ ማዶ ያለው ታሪክ ይናገራል። በ1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ አልከፍልም አለ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም ተጠቀመ፤ በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፉም ተማረ። ከብዙ ደም በኋላ የተሰጠው መልስ ከደሙ በፊት ሊሰጥ ይችል ነበር። በደርግ ጊዜም ገበሬው እህሉን ከገበያ ባነሰ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ ሲያስረክብ ቆየ፤ ኮታው የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። በመካከል ያለፉት ዓመታት አብዛኞቹ ጸጥ ያሉ ነበሩ፤ ጸጥታቸው ግን ከመርካት የመጣ አልነበረም። የጥንት ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር የሚባለውም ከአደባባይ ዝምታ የሕዝብን ልብ ማንበብ እንደማይቻል ስለገባቸው ይሆናል።

የዛሬው ከባዱ ጥያቄ ቅሬታው የት ይድረስ የሚለው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገዛው ማዳበሪያ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተሩ፣ ናፍጣው ሁሉ ከዚህ ውሳኔ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ውሳኔው አዲስ አበባ ተወስኖ፣ ቅሬታው የሚደርሰው ግን በመጋዘኑ በር ላይ ለሚቆመው የቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነው። እሱ ተመኑን አላወጣም፣ ግዢውን አልፈጸመም፤ ዋጋውንም ከገበሬው ጋር እኩል ነው የሰማው። የሚሰማው መመለስ አይችልም፤ መመለስ የሚችለው ደግሞ ከመጋዘኑ በር ላይ የለም። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ጦርነት መንገዱንም ስብሰባውንም ዘግቶ፣ አቤት ለማለት መውጣትን ራሱን አደጋ አድርጎታል።