ማረሻና ጅብ

ከቆቦ ከተማ ወደ ዞብል ተራራ የሚዘረጋው ሜዳ ክረምቱ ሲወጣ ከዳር እስከ ዳር ማሽላ ነው። ደጋሊት የሚባለው የማሽላ ዓይነት ከሰው ቁመት በላይ ስለሚሄድ ውስጡ ጅብ ቢተኛ አጠገቡ የሚያልፈው ሰው አያየውም። ያንን ማሽላ የሚቆርጠው ማጭድ፣ መሬቱን የሚገምሰው ማረሻ የባለእጅ ሥራ ነው። ባለእጁ ግን፣ በሰሜኑ አገር ሁሉ እንደሚባለው እዚህም፣ ቡዳ ነው ይባላል፤ ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ፤ ዓይኑ ያረፈበትን ይበላል። ቆቦ በምትገኝበት በራያ ይህን ወሬ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጋራዋል። አንዱ የታመመ ልጁን ጠበል ይወስዳል፣ ሌላው ሼኹ ዘንድ ሄዶ ሒርዝ ያስጽፋል፤ የሚጠረጠረው ሰው ግን ያው አንዱ ነው። ርኩስ መንፈስ አለ ወይስ የለም የሚለው የዚህ ጽሑፍ ክርክር አይደለም፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች አለ ይላሉ። የምከራከረው ክፋት በዘር ይወርዳል፣ በሙያ ይታወቃል ከሚለው ጋር ነው። ይህ እምነት በጠበሉም በሒርዙም ጥላ ሥር ይኑር እንጂ ከሁለቱ ከአንዳቸውም አልተወለደም፤ እንዲያውም ሁለቱንም ይቃረናል።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ክፉ ዓይን፣ ማለትም ምቀኝነት፣ ከሰው ልብ ከሚወጡት ርኩሰቶች ጋር ተቆጥሯል። ልብ ደግሞ ያለው ሁሉም ሰው ዘንድ ነው፤ ቀጥቃጩም፣ ገበሬውም፣ ቄሱም ዘንድ። ቤተ ክርስቲያናችን አብዝታ የምታከብረው ዮሐንስ አፈወርቅ የገላትያን መልእክት 3ኛ ምዕራፍ ሲተረጉም የበለጠ ግልጽ ነው፤ ዓይን በተፈጥሮው የሚጎዳ ኃይል የለውም፣ ክፉ ዓይን የተባለው የምቀኛ ልብ ነው ይላል። በእስልምና በኩል ዓይን እውነት መሆኑ በሐዲስ ስለተነገረ ክርክሬ እዚህ ላይ የሚሰናከል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዓይን ሰው ጎዳ ተብሎ ከተላለፉት ዘገባዎች አንዱን እንይ። ሰህል ኢብን ሁነይፍ ገላውን ሲታጠብ የቆዳውን ውበት አይቶ የተደነቀው፣ በዓይኑም የጎዳው ዓሚር ኢብን ረቢዓ ነው። ዓሚር ከነብዩ ባልደረቦች አንዱ፣ የተከበረ ሰው ነበር። ነብዩ በረካ ባለመመኘቱ ገሠጹት፤ ታጥቦም ውሃው በታመመው ላይ እንዲፈስ አዘዙ። በዚያው ነገሩ አበቃ። ዓሚርን ጅብ ያለው የለም፤ ልጆቹንም ከጋብቻ ያገለለ የለም።

ብዙ ሰው ግን የሚያምነው መጽሐፍ አይቶ ሳይሆን ዓይን አይቷል ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1831 የታተመው የእንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ማስታወሻ ከእንዲህ ያለው ምስክርነት ጠንካራውን ይዟል። የፒርስ ጓደኛ ኮፊን ቡዳ የሚባል ወጣት አሽከር ነበረው። አንድ ምሽት ወጣቱ እስከ ማግሥቱ ጠዋት ፈቃድ ጠየቀና ተሰጠው። ገና ከመሄዱ ሌሎቹ አሽከሮች በእጃቸው እያመለከቱ ጅብ እየሆነ ነው ብለው ጮኹ። ኮፊን ዘወር ሲል ልጁ የለም፤ ዛፍም ቁጥቋጦም በሌለበት ሜዳ ላይ አንድ ትልቅ ጅብ ይሮጣል። ልጁ ጠዋት ተመልሶ ሲመጣ ጓደኞቹ አበሸቁት፤ እሱም አልካደም። ኮፊን ያየው ምንድን ነው? መጀመሪያ ሰው አየ፣ ቀጥሎ ጅብ አየ። ሰው ጅብ ሲሆን አላየም፤ ያንን የሞላለት ጩኸቱ ነው። ልጁ ለምን አልካደም ለሚለው ደግሞ፣ ርስትም ዘመድም ለማይጠጋው ሰው መፈራት ራሱ አንድ ጋሻ ስለሆነ ይመስለኛል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከጠበል ቦታ የሚመጣው ነው። ታማሚዋ ትለፈልፋለች፤ የበላት ማን እንደሆነ፣ የት እንዳያት፣ ምን ስትበላ እንዳገኛት በራሷ አፍ ትናገራለች። መንፈሱ ራሱ ከተናገረ ምን ማስረጃ ቀረ ይባላል። ይሁን፣ የሚናገረው መንፈስ ነው እንበል። ወንጌል ዲያብሎስን የሐሰት አባት ይለዋል። በዳኛ ፊት ሐሰተኛ የተባለ ሰው ቃሉ አይታመንም፤ ታዲያ የሐሰት አባት የጎረቤትን ስም ሲጠራ ያለ ጥያቄ የሚታመንበት ምክንያት ምንድን ነው? የሚጠራውም ስም መንደሩ አስቀድሞ የሚያማው ሰው ስም ነው። ጎረቤትን ከጎረቤት መለየት ለሰይጣን ከአንዲት ልጅ ሕመም የሚበልጥ ትርፍ መሆኑን ለመረዳት ደግሞ ብዙ ትምህርት አያስፈልግም።

ወሬው ከአውሬው ይልቅ ስለ ሰፈሩ የሚናገር መሆኑ ከሩቅ አገር ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ይታያል። ጃፓኖች ኪትሱኔ የሚሉት ቀበሮ መልኩን ይለውጣል፣ ሰው ላይም ይሰፍራል ይባላል። የድሮዋ ኢዙሞ በምትገኝበት በሺማኔ አውራጃ አንዳንድ ቤተሰቦች ቀበሮ ያሳድራሉ፣ በጠሉት ሰው ላይም ይልካሉ ተብለው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ጋብቻ ተነፍገዋል። እዚያ የሚጠረጠረው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ መጥቶ ቶሎ የበለጸገ ቤተሰብ ነበር። እኛ ዘንድ የሚጠረጠረው መሬት የሌለው ነው። በጎንደር በኩል ቤተ እስራኤል ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ርስት ሲነፈጉ ብረትና ሸክላ ያዙ፤ ብረትና ሸክላ ሲይዙ ቡዳ ተባሉ። ቀበሮውም ጅቡም በተፈጥሮ ሕግ የሚመሩ ቢሆኑ ኖሮ እዚያ ሀብታሙን፣ እዚህ ደሃውን ባልመረጡ ነበር። መራጩ ሰው ነው፤ የሚመርጠውም አጠገቡ እንዲኖር የማይፈልገውን ነው።

ይህ ሁሉ የድሮ ነገር ነው፣ ትምህርት ሲስፋፋ ይጠፋል የሚሉ አሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል፤ ለጋብቻ አጥንት ሲቆጠር ግን ባለእጅ ያለበት ቤት ዛሬም ይታለፋል። ማረሻው ሲደንዝ ገበሬው ወናፉ አጠገብ ተቀምጦ፣ ብረቱ ቀልቶ በጉጠት ሲወጣ፣ በመዶሻ ሲሳል እያየ ይጠብቃል፤ ማረሻውን ተቀብሎ ሲሄድ ግን ከዚያ ቤት ውሃ አይጠጣም። ይህን ልማድ አዋጅ ብቻውን አልነቀለውም፤ አዋጅ ስድብን እንጂ ፍርሃትን አይከለክልምና። ፍርሃቱ በየጊዜው የሚታደሰው ታማሚዋ እየጮኸች፣ ዘመድ ዙሪያዋን ከቦ፣ «ማን በላሽ?» ተብላ ስትጠየቅ ነው። አጥማቂው ርኩሱን መንፈስ እንዲወጣ ለማዘዝ፣ ሼኹም ለመቅራት፣ የጎረቤት ስም አያስፈልጋቸውም። ያንን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ ሊፈውሱ ይችላሉ።