ያላመኑበት ትክክለኛ መልስ

«ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚል ተረት አለን። ይሁን እንጂ ይህንኑ ተረት እየጠቀስን፣ ጥያቄ የሚያበዛውን ልጅ «ነዝናዛ» ወይም «ደፋር» ማለታችንን አልተውንም። ስለ ሹመት መጠየቅ ብልህነት፣ ስለ እውነት መጠየቅ ግን ብልግና የሆነ ይመስላል። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይደለም። አንድ ሰው ትክክለኛውን መልስ ቢጽፍ፣ ነገር ግን በልቡ ባያምንበት፣ ዋሽቷል እንበል ወይስ አልዋሸም?

ለዚህ ጥያቄ ከፊዚክስ ትምህርት የተሻለ መፈተኛ አላገኘሁም። ነገሩን በፖለቲካ ወይም በሃይማኖት ብናነሣው ወዲያው ወገን ለይተን እንጣላለን። በድንጋይ አወዳደቅ ግን ማንም ማንንም አያኮርፍም።

አንድ የመርካቶ ተሸካሚ እንውሰድ። 100 ኪሎ የሚመዝን ኩንታል ጤፍ ትከሻው ላይ አድርጎ ከጭነት መኪናው እስከ መጋዘኑ በደልዳላ መንገድ ይሄዳል። ላቡ ይንቆረቆራል፤ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። የፊዚክስ መጽሐፉ ግን፣ ሰውየው ኩንታሉን የደገፈበት ኃይል ወደ ላይ፣ ጉዞው ደግሞ ወደ ጎን ስለሆነ በኩንታሉ ላይ የተሠራው ሥራ ዜሮ ነው ይላል። የጎረቤቴን ልጅ ሳስጠና እዚህ ላይ ስትደርስ እርሳሷን አስቀመጠችና «ታዲያ ለምን ደከመው?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ከቀመሩ አብልጬ እወደዋለሁ። የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ የፍትሕ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ወገቡ እስኪጎብጥ ለፍቶ ምንም አልሠራም ሲባል የማይቆረቁረው ልጅ ቢኖር እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ጥያቄው መልስ አለው። «ሥራ» የሚለውን ቃል በዚህ ጠባብ ትርጉሙ ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ጋስፓር ኮሪዮሊስ በ1829 (እ.ኤ.አ.) ስለ ማሽኖች ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ሊለካ የፈለገው ማሽን የሚያስተላልፈውን ኢነርጂ እንጂ የሰውን ድካም አልነበረም። ኩንታሉ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ ትከሻ ላይ ሲወጣ 1,470 ጁል ያህል ኢነርጂ ተቀብሏል። በደልዳላው መንገድ ላይ ግን ከፍታውም ፍጥነቱም ስላልተለወጠ የተጨመረለት ነገር የለም። ሰውየው ግን ሸክሙን ደግፎ ለመያዝ ጡንቻዎቹ ያለ ዕረፍት ስለሚሠሩ የበላውን ምግብ ያቃጥላል፤ ኢነርጂው ወደ ኩንታሉ ሳይሆን ወደ ሙቀት ይሄዳል። እንግዲህ ዜሮው የኩንታሉ ሒሳብ እንጂ የሰውየው ሒሳብ አይደለም። ይህ የተነገረው ልጅ ቀመሩንም ተሸካሚውንም ሳይክድ ወደ ቤቱ ይገባል። «ዝም ብለህ ዜሮ ጻፍ» የተባለው ግን ከሁለቱ አንዱን መካድ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚክደው የገዛ ዓይኑን ነው።

ሁለተኛው እንቆቅልሽ የጋሪው ነው። በ1687 በታተመው በኒውተን መጽሐፍ ሦስተኛ ሕግ መሠረት ፈረሱ ጋሪውን በሳበበት ልክ ጋሪውም ፈረሱን ወደ ኋላ ይስበዋል። ኒውተን ራሱ የሰጠው ምሳሌ በገመድ የታሰረ ድንጋይ የሚጎትት ፈረስ ነው። ተማሪው «ሁለቱ እኩል ከሆኑ ጋሪው እንዴት ይንቀሳቀሳል?» ቢል ልክ ነው። ነገሩ የሚፈታው ሁለቱ ኃይሎች በአንድ አካል ላይ እንደማያርፉ ሲታይ ነው። አንደኛው የሚያርፈው በጋሪው ላይ፣ ሌላኛው በፈረሱ ላይ ነው። ፈረሱን ወደ ፊት የሚገፋው ደግሞ፣ በኮቴው ወደ ኋላ የገፋው መሬት ነው። ጭቃ ላይ ፈረሱ የተንሸራተተበት ባለጋሪ ሕጉን ሳያነብ የሕጉን ግማሽ ያውቃል።

እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን የሚጠይቅ ተማሪ ከማን ጋር እንደቆመ አያውቅም። ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ የእጃችንን ኃይል ይዞ ይጓዛል ብሎ የሚያስብ ልጅ፣ ከእስክንድርያው ፊሎፖኑስ፣ ከኢብን ሲናና ከፈረንሳዊው ቡሪዳን ብዙም አልራቀም። በስድስተኛው፣ በ11ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን የነበሩት እነዚህ ሊቃውንት ከዚሁ የተቀራረበ ሐሳብ ነበራቸው። ከዚያ ሐሳብ ለመውጣት የሰው ልጅ ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ልጁ በአንድ ክፍለ ጊዜ ካልወጣ ግን ሰነፍ ይባላል።

በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የሆኑት ኤሪክ ማዙር የሚናገሩት አንድ ታሪክ አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለተማሪዎቻቸው ስሌት የሌለባቸው፣ ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ የሚጠይቁ ቀላል ጥያቄዎች ሰጡ። በዚህ ጊዜ አንዲት ተማሪ፣ የምመልሰው እርስዎ ባስተማሩን መሠረት ነው ወይስ እኔ ነገሩን በማስብበት መንገድ? ስትል ጠየቀቻቸው። ከባድ ስሌት የሚሠሩ ተማሪዎች በቀላሉ ጥያቄ ሲሰናከሉ ያዩት ማዙር የማስተማር ዘዴያቸውን ለወጡ፤ ተማሪዎች እርስ በርስ እየተከራከሩ እንዲማሩ አደረጉ። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» የሚለው ተረታችን ሃርቫርድ ድረስም ይሠራል ማለት ነው።

የዚያች ተማሪ ጥያቄ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። በራሷ ውስጥ ሁለት ደብተሮች እንዳሉ አውቃለች፤ አንዱ የፈተና፣ አንዱ የኑሮ። የሌሎቻችን ችግር ሁለት ደብተር መያዛችን ሳይሆን ሁለት መሆናቸውን መርሳታችን ነው።

እርግጥ ነው፣ አንባቢ እዚህ ላይ ሊሞግተኝ ይችላል። ሁሉንም ነገር ራሱ መርምሮ የሚያምን ማን አለ? ሐኪም ያዘዘልንን መድኃኒት የምንውጠው ቀምመነው አይደለም። ትክክል ነው። ያለ እምነት አንድ ቀንም አንውልም። ነገር ግን ማመንና ያመኑ መምሰል ይለያያሉ። «አልገባኝም፤ ግን አንተን አምኜ እቀበላለሁ» የሚል ሰው አልዋሸም። «ገብቶኛል» ብሎ ራሱን የሚነቀንቅ ግን፣ መልሱ ትክክል ቢሆንም፣ ስለ ራሱ የተናገረው ሐሰት ነው። ድንጋዩን በተመለከተ እውነት ጻፈ፤ ራሱን በተመለከተ ዋሸ።

ደግሞም የማይገባ የሚመስለው ሁሉ መሣሪያ የሚፈልግ አይደለም። ጋሊሊዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ከባዱ ድንጋይ ከቀላሉ ፈጥኖ ይወድቃል የሚለውን እምነት በሐሳብ ብቻ ፈትኖታል። ሁለቱን በገመድ እሰራቸው፤ ቀላሉ ከባዱን ወደ ኋላ ስለሚጎትተው ጥንዱ ከከባዱ ይዘገያል። ነገር ግን ጥንዱ ከከባዱ ይበልጥ ከባድ ስለሆነ መፍጠን ነበረበት። ሁለቱም እውነት ሊሆን አይችልም። ይህን ለማሰብ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጥቂት ጊዜና «እስቲ አስቡት» የሚል መምህር ነው። ክፍሉ የተጨናነቀበት፣ ምዕራፉን ለመጨረስ የሚጣደፍ መምህር ይህ ጊዜ እንደሌለው አልስትም። ቢሆንም «ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ ግን አንደርስበትም» ለማለት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ያ ግማሽ ደቂቃ ልጁን ከውሸት ያድነዋል።

በ15 ዓመቱ ስለ ጋሪና ስለ ኩንታል ያላመነበትን መጻፍ የለመደ ልጅ በ40 ዓመቱ ምን ይጽፋል? የማያምንበትን ሪፖርት ይጽፋል፣ ባልተስማማበት ስብሰባ ያጨበጭባል፣ ባልገባው ውል ላይ ይፈርማል። በሁሉም ላይ «ትክክል» የሚል ምልክት ሊያገኝ ይችላል። እኔ ግን ልጅን በፊዚክስ ፈተና ስንት እንዳገኘ ከመጠየቃችን በፊት ከጻፈው ውስጥ የትኛውን እንደሚያምንበት ብንጠይቀው እመርጣለሁ።