በገዛ እጅ የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት

አንድ መልእክት በእጅ ቢጻፍም በስልክ ቢላክም ቃሉ ያው ከሆነ ልዩነቱ ምንድን ነው? «ዋናው መልእክቱ ነው፤ ወረቀቱ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ወጣቶች ብዙዎች ናቸው። አነጋገራቸውም ከንቱ አይደለም። ቀድሞ በፖስታ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ሰላምታ ዛሬ ዐረብ አገር ካለችው እኅት ዘንድ በቅጽበት ይደርሳል። ይህን የሚንቅ ሰው የናፍቆትን ሸክም ያላየ ነው።

ደግሞም በአገራችን ደብዳቤ ሁሉ በባለቤቱ እጅ የተጻፈ ነበር ማለት አይቻልም። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች የሰፈር ተማሪ ጠርተው ያስጽፉ ነበር። ተማሪውም «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል» ከሚለው ጀምሮ ቃላቸውን አሳምሮ ያሰፍራል (በመካከሉ የራሱን ፈሊጥ መጨመሩም አይቀርም)። የእናትየው ፍቅር ግን በሰው እጅ ስለ ተጻፈ አላነሰም። ቅዱስ ጳውሎስም የሮሜን መልእክት ያጻፈው በጤርጥዮስ እጅ ነው። ሆኖም በአንዳንዶቹ መልእክታቱ መጨረሻ ብዕሩን ራሱ ይዞ ሰላምታውን በገዛ እጁ መጻፉን ይገልጻል። ሁሉን ሌላ ሰው ሊጽፍለት ሲችል ይህችን ለምን ለራሱ አስቀረ?

በዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል የምንኖር ጓደኛ አለችኝ። አያቷ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፥ ጎልማሳ ሆነው ፊደል የቆጠሩ ሴት ነበሩ። እርሷ ወደ ትምህርት ስትመጣ በስንቋ መካከል ቁራጭ ወረቀት አኖሩላት። በሶው ከላይ ነው፥ ቆሎው ከሥር ነው፥ ለጓደኞችሽም ስጪ፤ ሌላ ነገር የለበትም። ግእዙና ራብዑ ተቀላቅሏል። ከመጨረሻው መስመር በፊት የተሰረዘ ቃል አለ፤ ከስረዛው ሥር «ቶሎ ነይ» የሚል ይመስላል። አያትየው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆነ። በሶውንም ቆሎውንም ተካፍለን ጨርሰናል፤ የወረቀቱ መልእክት ሥራውን ፈጽሟል። እርሷ ግን ወረቀቱን ከትምህርት ማስረጃዋ ጋር አኑራዋለች። ጎረቤት እየጻፈላቸው በስልክ የላኩላት ብዙ መልእክት ነበር፤ እርሱን መልሳ ስታነብ አላየሁም።

እንግዲህ ዋጋው ከቃሉ ትርጉም ውጭ ሊፈለግ ይገባዋል። በብራና መጻሕፍታችን ጸሐፊው የተሳሳተውን ፊደል ፍቆ ሲያርም የተፋቀው ቦታ ለዘመናት ይታያል። በስልክ የተደመሰሰ ቃል ግን ለተቀባዩ ደብዛው አይገኝም። እኒያ ሴት «ቶሎ ነይ» ብለው ጽፈው፥ የልጅቱን ልብ እንዳይከፍል ፈርተው ይሆናል የሰረዙት። ስልክ ቢሆን ይህ ፍርሃታቸው ከማንም ዘንድ አይደርስም ነበር።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ያችን ሦስት መስመር ለመጻፍ እኒያ ሴት ብዙ አጎንብሰዋል፤ ያ ጊዜ ለሌላ ለማንም አልተሰጠም። አሁን በበዓል ቀን በስልካችን የሚጎርፈውን ሰላምታ እናስብ። ሥዕል ያለበትን ያማረ ቃል ከአንዱ ተቀብለን፥ እስከ መጨረሻው ሳናነበው ለመቶ ሰው እናሳልፈዋለን። ስም እንኳ የለበትም። ለሁሉም ደርሷል፤ ለማንም ግን አልተጻፈም። እጅ እንዲህ ማድረግ አይሆንለትም። ቢበረታ አምስት ሰው ቢጽፍ ነው፤ አምስቱንም መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ይህን ምርጫ ነው ስልኩ ያስቀረልን፤ እኔ እንደ ትልቅ ጉዳት እቆጥረዋለሁ።

የድምፅ መልእክትስ? እርሱ እስትንፋስ አለበትና አልከራከርም።

ወረቀትንም ቢሆን ከልክ በላይ አናክብረው። የዮሐንስን ሁለተኛና ሦስተኛ መልእክት ያነበበ እንደሚያስታውሰው፥ ጸሐፊው የቀረውን ብዙ ነገር ለቀለም አልተወውም፤ በአካል መጥቶ ሊናገረው ተስፋ አደረገ እንጂ። የታመመ ወዳጃችን ሁለት መንደር አልፎ ተኝቶ ሳለ ቁጭ ብሎ ያማረ ደብዳቤ መጻፍ፥ ምናልባት ከመሄድ መሸሻ ሊሆን ይችላል።