«አሸነፍን» ማለትና «አጠፋን» ማለት

የአገርን ስም የተሸከመ ማልያ ከተራ ልብስ የሚለየው በምንድን ነው? ጨርቁ ያው ጨርቅ፣ ስፌቱም ያው ስፌት ነው። ልዩነቱ የለበሰው ሰው ለራሱ ብቻ የማይሮጥ መሆኑ ነው። ማልያውን ለብሰው ሜዳ የሚገቡት 11 ናቸው፤ ኳስ ነክቶ የማያውቅ ሽማግሌ ግን ሬዲዮኑን ዘግቶ ሲነሣ «አሸነፍን» ይላል እንጂ «አሸነፉ» አይልም። ይህ አነጋገር እውነት ከሆነ ምን ግዴታ ያስከትላል? በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ የምንመረምረውም በ2005 ዓ.ም. በብሔራዊ ቡድናችን ላይ በደረሰው ነገር ነው።

ያ ዓመት ለዋልያዎቹ የደስታ ዓመት ነበር። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው ነበር። በብራዚል በ2014 እ.ኤ.አ. ለተደረገው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ከደቡብ አፍሪካ፣ ከቦትስዋናና ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክ ጋር የተደለደሉበትን ምድብ ይመሩ ነበር። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ረቱ። ሰኔ 9 ቀን፣ እሑድ፣ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን በዚያው ውጤት አሸነፉ። ነጥባቸው 13 ደረሰ፤ ተከታያቸው ደቡብ አፍሪካ 8 ብቻ ስለ ነበራት፣ አንድ ጨዋታ እየቀረ ነገሩ ያለቀ መሰለ። ሕዝቡም ማልያውን ለብሶ አደባባይ ወጣ።

በዚያው ዕለት ግን የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ በኢትዮጵያ ላይ ምርመራ መክፈቱ ተሰማ። አማካዩ ምንያህል ተሾመ ግንቦት 26 ቀን 2004 ዓ.ም. ከደቡብ አፍሪካ፣ መጋቢት 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ ከቦትስዋና ጋር በተደረጉት ጨዋታዎች ቢጫ ካርድ አይቶ ነበር። በማጣሪያው በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ቢጫ ያየ ተጫዋች በቀጣዩ ጨዋታ እንዳይሰለፍ ደንቡ ያዛል። እርሱ ግን ሰኔ 1 ቀን ተሰለፈ። ፌዴሬሽኑ ስሕተቱን አመነ። ፊፋም ውጤቱን ሽሮ ጨዋታውን ለቦትስዋና 3 ለ 0 በፎርፌ ሰጠ፤ የእኛም 13 ነጥብ 10 ሆነ።

ያን ጊዜ ብዙዎቻችን የጠየቅነው አንድ ነገር ነው። ማንም ለማታለል ካላሰበ፣ ግቦቹም በላብ ከተገኙ፣ ስለ አንድ የመዝገብ ጉድለት ድልን መንጠቅ ፍትሕ ነውን?

የሥነ ምግባር ትምህርት አለማወቅን በሁለት ይከፍላል። ሰው የቻለውን ያህል ቢተጋም ሊያውቀው የማይችለው ነገር አለ፤ ይህን ባለማወቁ አይወቀስም። ሊያውቀው የሚችለው፣ ማወቁም በኃላፊነት የተጣለበት ነገር ደግሞ አለ፤ ይህን ሳይመረምር ቢቀር አለማወቁ ራሱ ጥፋት ይሆናል። በሁለቱ ካርዶች መካከል ከ9 ወር በላይ አልፏል፤ የሰው ልብ ይህን ያህል ጊዜ ላይይዝ ይችላል። መዝገብ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። እንግዲህ ክፋት አልነበረም፤ ትጋት ግን ጐደለ። ቦትስዋናዎችም ወደ ሜዳ የገቡት ለሁሉም እኩል የሚሠራ ሕግ እንዳለ አምነው ነው። ቅጣት ያለበትን ተጫዋቹን አስቀምጦ የሚጫወት ቡድን ሁሉ፣ የእኛ ጥፋት ቢታለፍ ይበደል ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው አስረጂ ግን በዚያው በሰኔ 9 ቀን ጨዋታ ውስጥ ይገኛል። ለደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያውን ግብ ያስቈጠረው በርናርድ ፓርከር ነበር። ጌታነህ ከበደ አቻ ካደረገን በኋላ፣ የድላችንን ግብ በራሱ መረብ ላይ ያሳረፈውም ያው ፓርከር ነው። አስቦ አላደረገውም፤ ግቡ ግን ተቈጠረ። ከመካከላችን «ሳያስበው ነውና አይቈጠርበት» ብሎ የተነሣ አልነበረም፤ እልል አልን እንጂ። የሌላው ያልታሰበ ስሕተት ሲጠቅመን በደስታ ከተቀበልን፣ የእኛ ያልታሰበ ስሕተት ሌላውን ሲጠቅም «ግፍ ነው» ለማለት አፍ የለንም። ሚዛኑ አንድ ካልሆነ ሚዛን አይባልምና።

ዕዳውስ የማን ነው? ሰኔ 9 ቀን «አሸነፍን» ያለው አፍ፣ ብዙም ሳይቈይ «ረሱ» ማለት ጀመረ። ድሉ የሁላችን፣ ጥፋቱ የጥቂቶች ሆነ። ልጁ ፈተና ሲያልፍ «ልጄ» የሚል፣ የጎረቤት መስታወት ሲሰብር ግን ወደ ባለቤቱ ዞሮ «ልጅሽ» የሚል አባት ሁላችንም እናውቃለን። የኃላፊነት ደረጃ እንዳለ አንክድም፤ መዝገብ እንዲይዝ የተሾመ ሰው ከተመልካቹ ይልቅ ይጠየቃል፤ መጠየቁም ይገባል። ጥፋትን በሁሉ ላይ መበተን ማንንም ካለመጠየቅ አይለይምና። ነገር ግን ተጠያቂውን መለየት አንድ ነገር ነው፤ እርሱን «የእኛ አይደለም» ብሎ መካድ ሌላ ነው። ያልሮጥንበትን ድል የእኛ ያደረገው ማልያ፣ እጃችን የሌለበትን ስሕተትም የእኛ ያደርገዋል።

ይህን በተግባር ያሳዩን ተጫዋቾቹ ናቸው። አብዛኞቹ በስሕተቱ እጅ አልነበራቸውም። ሆኖም ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክን 2 ለ 1 አሸንፈው ነጥባቸውን እንደ ገና 13 አደረሱ፤ 11 ነጥብ የያዘችውን ደቡብ አፍሪካን ቀድመውም ምድቡን በአንደኝነት ጨረሱ። ጥቅምትና ኅዳር 2006 ዓ.ም. ናይጄሪያ 2 ለ 1 እና 2 ለ 0 አሸንፋ ከብራዚል ብታስቀራቸውም፣ ያ ሽንፈት እንጂ ቅጣት አልነበረም። የራሳቸው ያልሆነውን ዕዳ በእግራቸው ከፍለው ነበር።

ወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ልጆቻችን ማልያውን ለብሰው በየሰፈሩ ሲሮጡ እናያቸዋለን። «አሸነፍን» ማለትን ከእኛ ተምረዋል። «አጠፋን» ማለትንስ ከእኛ ካልሰሙ ከማን ይሰሙታል?