ቡናና ጥንዚዛ

በቦንጋ ዙሪያ ያለው የከፋ ደን ቡና ሰው ሳይተክለው የሚበቅልበት ስፍራ ነው። ዩኔስኮም በ2002 ዓ.ም. ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች ጋር መዝግቦታል። በዚህ ደን ምሳሌነት ሁለት ፍጥረታትን እናነጻጽር።

የቡና ዛፍ ከታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር በትሕትና ይቆማል። ዝናም ሲነካው ነጭ አበባ ያወጣል፤ ፍሬው እስኪቀላ ግን ብዙ ወራት ይታገሣል፤ ያፈራውንም ለራሱ አያስቀርም።

የቡናን ፍሬ የምትሰረስረው ጥንዚዛ ደግሞ ርዝመቷ 2 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። በፍሬው ጫፍ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል በር ከፍታ ትገባለች፤ እንቁላሏን በውስጥ ትጥላለች፤ ልጆቿም ፍሬውን ይበሉታል። በውጭ ለሚያየው እንደ ባልንጀሮቹ ቀይ ነው፤ ሲፈለፈል ግን ውስጡ ተቦርቡሯል።

ብልህ ገበሬ ከለቀማ በኋላ በዛፉ ላይ የቀረውንና ከሥሩ የወደቀውን ፍሬ አጥርቶ ይሰበስባል። ጥንዚዛዋ እስከሚመጣው ፍሬ የምትቆየው በዚያ ቅሪት ውስጥ ነውና።

ወገኖቼ ሆይ! ጥንዚዛዋ ኃጢአት የለባትም፤ እንደ ተፈጥሮዋ ትኖራለች። ምሳሌነቷ ግን ለእኛ ነው። ታላላቁን በደል ለንስሓ አባታችን እንናዘዛለን፤ ትንሿን ቂም፣ ትንሿን ሐሰት፣ የጎረቤትን ድንበር አንድ ክንድ መግፋትን ግን «ይህማ ምን አለው» ብለን በቅርንጫፉ ላይ እንተዋለን። የከርሞው ጥፋት የሚወጣው ከዚያ ነው። እንግዲህ ስንለቅም አጥርተን እንልቀም፤ የመከሩ ጌታ የፍሬውን ቅላት ብቻ ሳይሆን ውስጡንም ያያልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።